የእሳቱ ኳስ ቃለ ጉባኤ

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። አልተጋነነም፣ አልተቀባባም፣ በርበሬ አልተነሰነሰበትም። እንዲያውም የሆነው ነገር ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ አንባቢ እንዳይደነግጥ ተብሎ ተቀንሶለታል። አንዲት የውሸት ፍሬ ከተገኘችበት የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች በሙሉ አንገታቸውን አዙረው ይሳቁብን።

ጣሂር የሚባል ሰው አለ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ኦክላንድ ይኖራል፤ ከወደቡ ኮንቴነር ይጎትታል። እንደሱ ትራክ ወደ ኋላ የሚያስገባ ሾፌር በካሊፎርኒያ ምድር አልተፈጠረም። ይህን ጣሂር ራሱ ብዙ ጊዜ አረጋግጧል።

አንድ ቅዳሜ፣ በኦክላንድ ኮረብታ ላይ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሞተው ልጆቻቸው ቤቱን ሊሸጡ ሲያጸዱ፣ ጣሂር ዕቃ ሊያነሣላቸው ሄደ። ሶፋውን ብቻውን ተሸከመ። ፒያኖውንም ብቻውን ተሸከመ ማለት ይቻላል፤ ሌሎቹ ሦስት ሰዎች እጃቸውን ጣል አድርገው ነበር እንጂ። በመጨረሻ አንድ ካርቶን አሮጌ መጽሐፍ ሰጡትና «ጣለው» አሉት። ጣሂር መጽሐፍ አይጥልም። ቤት ወስዶ ልጁን ሪሀናን ጠራት።

ሪሀና ሳን ሆዜ ኮሌጅ ስለ አየር ጠባይ የምታጠና ልጅ ናት። አማርኛ እንደ ውሃ ይገባታል፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ደስ ሲላት ደግሞ በሁለቱም። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «አባ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ኩል» አለች።

ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፣ የሳይንስ ማኅበር ነበረ። መጽሐፉ የዚያ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ነው። ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ ባለ ወፍጮው፣ ባለ ርስቱ፣ ሁሉም ያየውን ጽፎ ይልካል፤ በስብሰባ ይነበባል። አንዱ የገጠር ቄስ በደብሩ ስለ ወረደ በረዶ ጻፈ፤ አንዱ ፍሬ የዝይ እንቁላል ያህል ነበር፣ በጨው ቀብሬ ላቆየው ሞከርኩ፣ ቀለጠብኝ ይላል። ባለ ወፍጮው ከደረቀ ጕድጓድ ስለ ወጣ ዓሣ ጻፈ። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ዶሮዋ ነጎድጓድ ሲመጣ ወደ ኋላ እንደምትራመድ ጻፈች። ከእያንዳንዱ በታች እንዲህ የሚል አለ፦ «በማኅበሩ ፊት ተነበበ። በዓይናቸው ያዩ የታመኑ ሰዎች መሰከሩ። ማኅበሩም ለጸሐፊው ምስጋናውን አቀረበ።»

ጣሂር ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ስለ ዶሮ እኮ ነው የተናገረችው! ወደ ኋላ የምትራመድ ዶሮ! ማንም አልሳቀባትም! አመሰገኗት!»

«ዌል፣ ምስክር ነበራት» አለች ሪሀና።

«እኔ ዘመኔን የሳትኩ ሰው ነኝ» አለ ጣሂር፣ ደረቱን እየደቃ። «እዚያ ብወለድ ኖሮ ይህ መጽሐፍ ግማሹ የእኔ ነበር።»

እውነቱን ነው። በኦክላንድ ሐበሾች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ጣሂር የተናገረውን ለዐሥር አካፍል። ሕጉን ያወጣው ወዳጁ መንገሻ ነው፤ በአዲስ አበባ ያደገ፣ በሱዳን በኩል ተሰዶ አሜሪካ የገባ፣ ዛሬ በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳ ሰው። መንገሻ ሲለው ጣሂር አብሮ ይስቃል። በቀደም ግን ሪሀና ለጓደኛዋ በስልክ «ማይ ዳድ? ጀስት ዲቫይድ ባይ ቴን» ስትል ሰማት። የሰው ቀልድ ቀልድ ነው። የልጅ ሲሆን ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የከፋው፣ ጣሂር በእውነት ያየው ነገር መኖሩ ነው። ያ ዝናብ የሌለው መብረቅ የወረደበት ነሐሴ ትዝ ይላችኋል? ሰማዩ ሲሰነጠቅ ያደረው? በዚያ ሰሞን ጣሂር ወደቡ በር ላይ ወረፋ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ መቶ ትራክ፣ ከኋላው ሁለት መቶ። መይሙና፣ ሚስቱ፣ አጠገቡ ተቀምጣ ሻይ ትቀዳለች። ድንገት ከክሬኑ ጫፍ አንድ የእሳት ኳስ ወረደ። እንደ መብረቅ አልበረቀም፤ ተንሳፈፈ። ብርቱካንማ ነው፣ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። በኮንቴነሮቹ መሃል ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ በጣሂር መስኮት ገባ፣ መሪውን ዞረ፣ ፔርሙሱ ውስጥ ያለውን ሻይ አፈላው፣ በመይሙና በኩል ወጣ። አንዲት ጠጕር አላቃጠለም። ሾፌሩ ሁሉ ትራኩን ጥሎ ሲሮጥ ጣሂር ብቻ አልተንቀሳቀሰም። «እንኳን ደህና መጣህ» አለው ለእሳቱ።

ይህን ታሪክ ለሪሀና ሺህ ጊዜ ነግሯታል። አሁን ግን፣ መጽሐፉን ዘግታ አሰብ አደረገችና አዲስ ነገር ተናገረች።

«አባ፣ ፕሮፌሰሬ ስለ እሱ ይሰበስባል። ፋየር ቦል። ሰው ያየውን። ግን ምስክር ከሌለ አይወስድም። ኢፍ ሰምዋን ኮንፈርምስ ኢት፣ እኔ ራሴ እሰጠዋለሁ።»

«አንቺ ታምኚኛለሽ?»

ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። «ምስክር አምጣ።»

«እናትሽ ነበረች እኮ! መይሙና! ነበርሽ አልነበርሽም?»

መይሙና ሳሕን እያጠበች ነበር። ወደቡ በር ላይ በአሮጌ ቫን ለሾፌሮች ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ውላ ቤት ስትገባ ዝም የምትል ሴት ናት። ፊቷን ሳታዞር «ነበርኩ» አለች። «ግን ጣሂር፣ እኔን እዚህ ነገር ውስጥ አታስገባኝ።»

«አየሽ ትሕትናዋን?» አለ ጣሂር ለልጁ። «የወሎ ሴት እንዲህ ናት።»

ሚስት ለባሏ ስትመሰክር ግን ማን ያምናል? ደንብ ያለው፣ የሚያከራክር፣ የሚመረምር አካል ያስፈልጋል። እንግሊዞቹ ማኅበር ነበራቸው። ሐበሻ ደግሞ ማኅበር ማቋቋም ከማን ያንሳል! ጣሂር በዚያው ሳምንት አባላት ሰበሰበ። መንገሻ መጣ፣ ሊስቅ። ከሳን ሆዜ ተስፋጽዮን መጣ፤ ማውንቴን ቪው ካለ የቴክ ካምፓኒ ሠራተኞችን በአውቶቡስ የሚያመላልስ፣ በሳን ሆዜ ሸለቆ ውስጥ የተቋቋመ ማኅበር ሁሉ ደንቡን ያረቀቀለት ሰው ነው። እትዬ ሙሉመቤት መጡ፤ አረጋውያንን ቤት ለቤት የሚንከባከቡ፣ ራሳቸውም ወደ እርጅናው የተጠጉ እናት ናቸው። እሳቸው የመጡት ልጃቸው ከቤት ውጡና ሰው አግኙ ስላላቸው ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ በተስፋጽዮን ጋራዥ ተደረገ። ጣሂር ሪፖርቱን አርባ ገጽ አድርጎ ጽፎ፣ ክራቫት አስሮ መጣ። ሰላምታው እንዳለቀ ጉሮሮውን ጠርጎ «በወደቡ በር ላይ…» ሲል ተስፋጽዮን እጁን አነሣ።

«ሥነ ሥርዓት! ሰብሳቢ ሳይመረጥ ንግግር የለም።»

«አራት ሰው ነን እኮ።»

«አራትም ሰው ሰብሳቢ ያስፈልገዋል።»

ተመረጠ። መንገሻ ሰብሳቢ ሆነ፤ ምክትል ሰብሳቢ መንገሻ በሌለ ጊዜ ተስፋጽዮን፤ ጸሐፊ ተስፋጽዮን፤ ተስፋጽዮን በሌለ ጊዜ መንገሻ። እትዬ ሙሉመቤት ኦዲተር ሆኑ።

«ምን ኦዲት ሊያደርጉ ነው?» አለ ጣሂር። «ሣጥን የለንም፣ መዋጮ የለንም!»

«ኦዲተር የሌለው ማኅበር አይቼ አላውቅም» አሉ እትዬ ሙሉመቤት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ያንተን ኳስ ኦዲት አደርጋለሁ። ለመሆኑ ገቢ ነው ወጪ?»

«በእኔ መስኮት ገቢ፣ በመይሙና መስኮት ወጪ!» አለ ጣሂር በንዴት። መንገሻ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። በዚህ መሃል ጣሂር የሚሰግድበት ሰዓት ደረሰ፤ ሰግዶ ሲመለስ ስብሰባው ተበትኗል።

ሁለተኛው ስብሰባ በስሙ ላይ አለቀ። የኦክላንድና የሳን ሆዜ ነው ወይስ የሳን ሆዜና የኦክላንድ? መንገሻ ኦክላንድ ቀዳሚ ናት አለ፤ ተስፋጽዮን ሳን ሆዜ በሕዝብ ትበልጣለች አለ። እትዬ ሙሉመቤት ፍሪሞንት ይባል፣ መሃል ናት፣ ማንንም አታስቀይምም አሉ። ፍሪሞንት የሚኖር አንድም አባል የለም። ስለዚህ ጸደቀ፤ «የፍሪሞንት የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር» ተባለ። ቀጥሎ ስብሰባውም ፍሪሞንት ካለ ካፌ ይሁን ተባለና ሁሉም ከሁለት ወገን በዚያ መከረኛ ስምንት ሰማንያ ሀይዌይ ሲታገል አምሽቶ፣ በዚያ ቀን የተሰለፈው መኪና ቢቀጣጠል ኮምቦልቻ ደርሶ ይመለስ ነበር፣ ተገናኝተው ቡና እንኳ ሳያዙ ቤቱ ይዘጋል ተባሉ።

«በዚያ ዘመን እኮ» አለ ጣሂር ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ፣ አርባውን ገጽ እያራገበ፣ «ሰው በፈረስ መጥቶ፣ ስለ ዶሮ ተናግሮ፣ ተመስግኖ በፈረስ ይመለስ ነበር! እኛ ባለ ሞተሮቹ አንድ ኳስ ማሳለፍ አቃተን!»

«ኳሱን መኪናህ ውስጥ አሳልፈኸው የለ?» አለ መንገሻ። «ደግሞ ባለፈው ብርቱካን ያህላል ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ተስፋጽዮንን የትራክ ጎማ ብለኸዋል። እስከ ገና ጨረቃ ሊያህል ነው?»

«ሳይንስ ያድጋል፣ ጋሽ መንገሻ!»

ከዚያ የማኅተም ነገር መጣ። ተስፋጽዮን እንዳለው ማኅተም የሌለው ቃለ ጉባኤ የሱቅ ወረቀት ነው። መንገሻ አንበሳ ይሁንበት አለ። ተስፋጽዮን ቴሌስኮፕ አለ። እትዬ ሙሉመቤት ጀበና አሉ፤ ለምን ሲባሉ «ያምራል» አሉ። ሦስቱም ተጨምቀው ገቡ። በኦንላይን ታዘዘ። ሲመጣ አራት ማዕዘን ሆኖ መጣ።

«አራት ማዕዘን ማኅተም አይደለም» አለ ተስፋጽዮን፣ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ይዞ። «ማኅተም ክብ ነው። ክብ ካልሆነ ማን ያከብረዋል? ይመለስ።»

ጣሂር በዚያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲነዳ መሪውን እንደ ጠላት አንገት ጨብጦ ነበር። ሪሀና በየሳምንቱ «ሶ? ምስክሩስ?» ትለዋለች። ፕሮፌሰሩ በሴሜስተሩ መጨረሻ ስብስቡን ይዘጋል። የዓመቱን ኮንቴነር ሁሉ ያለ አንድ ጭረት ያደረሰ ሰው አንዲት እውነት ከአፉ እስከ ወረቀት ማድረስ አቃተው። እንቅልፍ አጣ። ዐሥር ኪሎ ከሳ፤ ለዐሥር ብታካፍሉትም ከስቷል።

ክቡ ማኅተም በስተመጨረሻ ደረሰ። ተስፋጽዮን ደንቡን አነበበ፤ የደንቡን ዐንቀጽ ሦስት ራሱ ጣሂር ከእንግሊዞቹ ቀድቶ ያስገባው ነበር፦ «በዓይኑ ያየ ምስክር በአካል ቀርቦ ካላረጋገጠ በስተቀር ማናቸውም ሪፖርት በቃለ ጉባኤ አይገባም።»

«ምስክር አለኝ» አለ ጣሂር። «እሑድ አመጣታለሁ።»

ቤት ገብቶ ነገራት። መይሙና የሳምቡሳ ሊጥ እየዳመጠች ነበር።

«ጣሂር፣ ተወኝ አላልኩህም?»

«አንድ ቃል ብቻ! አየሁ በይ፣ ተመለሺ!»

«አየሁ ማለቱ አይደለም የሚከብደኝ።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

ዳመጣውን አቁማ አየችው። «የምጠየቀውን እመልሳለሁ። ሰው ፊት ቆሜ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ይህን ተስማምተህ ከሆነ እመጣለሁ።»

«እሱንማ ነው የምፈልገው!» አለና ግንባሯን ሳማት። «መጨመሩን ለእኔ ተዪው!»

እሑድ ከሰዓት በኋላ የተስፋጽዮን ጋራዥ ጢም ብሎ ሞላ። ማለትም አባላቱ፣ መይሙና፣ እሷን በመኪና ያመጣቻት ሪሀና፣ እና የተስፋጽዮን የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ሪሀና ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ተቀመጠች። «ዛሬ ከጸደቀ ዛሬ ማታ ለፕሮፌሰሬ ኢሜይል አደርገዋለሁ» አለች። ጣሂር ይህን ሲሰማ እግሩ መሬት ለቀቀ።

አነበበ። አርባውን ገጽ አነበበ። ክሬኑን፣ ኳሱን፣ ጉርምርምታውን፣ መሪውን፣ የፈላውን ሻይ፣ የሸሹትን ሾፌሮች፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ያለውን ሳይቀር። ማንም አላቋረጠውም። መንገሻ እንኳ አልሳቀም። ሲጨርስ ማጠቢያው ማሽን ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ማኅበሩ ሰምቷል» አለ መንገሻ፣ ባልተለመደ ከባድ ድምፅ። «አሁን ምስክሯን እንጠይቃለን። ወይዘሮ መይሙና፣ እባክዎ ይቅረቡ።»

መይሙና ተነሣች። ሻርፗን አስተካከለች። ጣሂር በዓይኑ «አይዞሽ» አላት።

«በወደቡ በር ላይ የእሳት ኳስ ታይቷል ወይ?»

«ታይቷል» አለች መይሙና። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁሉም ወደፊት ጎንበስ አለ። «ከክሬኑ ጫፍ ወርዶ በኮንቴነሮቹ መሃል ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጣሂር ከወንበሩ ዘለለ። «አላሁ አክበር! ተስፋጽዮን፣ ጻፍ! ምታው ማኅተሙን! ሪሀና፣ ሰማሽ? ማካፈል የለም ከእንግዲህ!»

ሪሀና ስትስቅ አያት። ለስንት ዘመን እንዲህ ሳቃ አታውቅም፤ ባባቷ ላይ ሳይሆን ካባቷ ጋር። ጣቶቿ ላፕቶፑ ላይ ይሮጡ ጀመር።

«ሥነ ሥርዓት» አለ ተስፋጽዮን፣ ማኅተሙን ወረቀቱ አናት ላይ አንጠልጥሎ። «ለመዝገቡ ያህል አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኳሱ ሲገባ ባለቤትዎ ከመሪው ጀርባ ነበሩ?»

መይሙና ዞር ብላ ጣሂርን አየችው፤ ሳትቆጣ ነበር፣ ልጅ ሳይነቃ ብርድ ልብስ እንደምታለብስ ሴት።

«ትራክ አልነበረም» አለች። «የሻይ ቫኔ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወደ ውስጥም አልገባም፣ ሻይም አላፈላም፤ በሩቁ አልፎ ጠፋ። ማንም አልሮጠም፣ ሌላ ያየ ሰውም ያለ አይመስለኝም። ማታ ቤት ገብቼ ነገርኩት። ጣሂር በዚያን ቀን ጥርሱን አሞት ሶፋው ላይ ተኝቶ ነበር የዋለው።»